ዕድሜ ልክ የተሾመ ዳኛ እንዴት ይሰናበታል?

«የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የታናሽ ወንድሜን የጥገኝነት ጉዳይ የያዙት ዳኛ ድንገት ከሥራ ተሰናበቱ ተባለና ቀጠሮው ተሰረዘ። እኔ የማውቀው የፌዴራል ዳኛ ዕድሜ ልኩን እንደሚሾም ነው። ታዲያ ይሄ ምን ማለት ነው? ሌላም አለ። ትልቋ ልጄ ሕግ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ ‹ፌዴራል ዳኛ እሆናለሁ› ትላለች። ፈተናው ከባድ ነው? የስደተኛ ልጅስ ይሾማሉ? ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የሾመው ሰው በፕሬዚዳንቱ ላይ እንዴት ይፈርዳል? ባክሽ ሌላ ነገር ተማሪ ልላት ነው።»

ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ስም ተጠርተውብዎታል። የወንድምዎን ጉዳይ የያዙት ዳኛም፣ ልጅዎ መሆን የምትመኘው ዳኛም ጥቁር ካባ ይለብሳሉ። ሁለቱም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ዩር ኦነር» ይባላሉ። ቢምታታብዎ አይፈረድብዎትም። በሕግ ዓይን ግን አንዱ የመንግሥት ተቀጣሪ ነው፤ ሌላው በሕገ መንግሥቱ የተሾመ።

የኢሚግሬሽን ዳኛ የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። የሚሾመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ እሱ ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ካቢኔ አባል ነው። ዳኛው ሴኔት ፊት አይቀርብም። ሲፈለግ ይዛወራል፣ ሲፈለግ ይሰናበታል። በ2025 በርካታ የኢሚግሬሽን ዳኞች ተሰናብተዋል፤ የወንድምዎም ዳኛ በዚሁ ሄደው ይሆናል። ስለዚህ የሰሙት ነገር ዕድሜ ልክ የሚባለውን ሹመት አልሻረም። መጀመሪያውኑም ያ ሹመት እሳቸው ጋ አልነበረም።

ልጅዎ የምትለው ዳኛ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሦስት ሥር የሚሾመው ነው። አንቀጹ ለዳኛው ሁለት ዋስትና ይሰጣል። መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ከወንበሩ አይነሳም፤ ሥራ ላይ እያለም ደመወዙ አይቀነስበትም። በቃ። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ብዙ ይሠራሉ፤ ሰውን ማስፈራራት የሚቻለው በእንጀራው ነውና። እንዲህ ያለው ወንበር በመላ አሜሪካ 870 ገደማ ነው። 9ኙ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ 179ኙ ይግባኝ ሰሚዎቹ ጋ ናቸው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ክስ በሚጀመርባቸው 91 የዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች የተበተነ ነው። ዳኛውን ከወንበሩ ለማንሳት የተወካዮች ምክር ቤት መክሰስ፣ ሴኔት ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ማለት አለበት። ከተጀመረ ጀምሮ የተከሰሱት 15 ዳኞች ናቸው፤ በፍርድ የተነሱት 8 ብቻ። በመካከል የሚውሉም አሉ። በዚያው ሕንፃ የሚሠራው ማጅስትሬት ዳኛ ለ8 ዓመት፣ የኪሳራ ጉዳይ የሚያየው ባንክራፕሲ ዳኛ ለ14 ዓመት ነው የሚቀመጠው። እነሱን ለዛሬ እንተዋቸው።

ፈተና ያሉት የለም። ሕገ መንግሥቱ ለዳኛ ዕድሜም፣ የትውልድ አገርም፣ የሕግ ዲግሪም አልጠየቀም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቀመጡት ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የተወለዱት ቪየና ነበር። በተግባር ግን ዛሬ የሕግ ዲግሪና የጥብቅና ፈቃድ የሌለው ሰው አይታሰብም። መንገዱ ይህ ነው፦ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ይጠይቃል፣ ሴኔቱ ድምፅ ይሰጣል። ለዲስትሪክት ዳኛ ሲሆን የዚያ ክፍለ ሀገር ሁለት ሴናተሮች ይሁንታ ከምንም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ፈተናው ወረቀት ላይ አይደለም፤ ሰዎች ስለ እርስዎ ልጅ ሃያ ዓመት የሚያወሩት ነው።

አሁን ወደ ስደተኛዋ ልጅ። ስለ ሕግ መጽሐፍ ከማወራልዎ የአንዲት ሴት ሕይወት ባጫውትዎ ይሻላል።

ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ በ1921 ኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ተወለዱ። ወላጆቻቸው ኔቪስ ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከ12 ልጆች ዘጠነኛዋ ናቸው። አባት የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ልጅቷ ጠበቃ እሆናለሁ ስትል እናትየው ፀጉር ሠሪ ብትሆን ይሻላል አሉ። ይቺን ወሬ ሳነብ ሁሌ የእኛ ቤት ይታወሰኛል።

ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ቤት ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን በጥቁሮቹ ሰፈር በተሠራ የማኅበረሰብ ማዕከል ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው ሰፈርተኛው ለምን ማዕከሉን አይጠቀምበትም የሚል ነበር። የ18 ዓመቷ ልጅ ተነሥታ፣ ከቦርዱ ውስጥ አንድም ጥቁር ስለሌለ የሰፈሩ ሰው የእኔ ነው አይለውም አለች። ሕንፃውን ያሠሩት ነጭ ባለሀብት፣ ክላረንስ ብሌክስሊ፣ እዚያው ተቀምጠዋል። ሰውየው አልተቀየሙም። አስጠርተው ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቋት፤ ጠበቃ አለች። ወጪውን ቻሏት። በ1943 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1946 ከኮሎምቢያ ሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ።

(ከዚህ ወዲህ አንቱ ነው። ምክንያቱ ይመጣል።)

ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1945፣ ተርጉድ ማርሻል ይመሩት የነበረው የጥቁሮች የሕግ መከላከያ ፈንድ ቀጠራቸው። እዚያ 20 ዓመት ገደማ ሠሩ። የትምህርት ቤቶችን የዘር መለያየት ባፈረሰው የ1954ቱ የብራውን ጉዳይ ክስ ማርቀቅ ላይ ነበሩ። ሥራቸው በጥሬው የተፈተነው ግን ሚሲሲፒ ነው። ጄምስ ሜሪዲዝ የሚባል ወጣት በ1961 ነጮች ብቻ የሚማሩበት የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ሲል ጉዳዩን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በዚህ አንድ መዝገብ ከሃያ ጊዜ በላይ ወደ ሚሲሲፒ ተመላልሰዋል። አንድ ጊዜ የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ በመኪና ሲወስዷቸው፣ ጭንዎ ላይ ያለውን ቢጫ የጽሑፍ ደብተር ጋዜጣ ውስጥ ይደብቁት፣ ወደ ኋላም እንዳይዞሩ አሏቸው። ፖሊስ እየተከተላቸው ነበር።

ጃክሰን ከተማ ያለው የፌዴራል ችሎት ውስጥ፣ ከዳኛው ወንበር ጀርባ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ነበር። ጥቁሮች ጥጥ ሲለቅሙ ያሳያል። ሞትሊ የተከራከሩት ያንን ሥዕል ፊት ለፊት እያዩ ነው። በደቡብ ክፍለ ሀገሮች የነጭ ሴት ጠበቃ «ወይዘሮ» ተብላ ስትጠራ፣ ለእሳቸው ግን ይሄ ቃል ከነጮቹ አፍ አይወጣም ነበር። የሚሲሲፒ ጋዜጦች «ያቺ የሞትሊዋ ሴትዮ» ብለው ይጽፉ ነበር። «አንቺ»ና «አንቱ» በሚለይበት ቋንቋ ለምናወራ ሰዎች ይሄ ምን ያህል እንደሚቆጠቁጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ ለጥያቄዎ የሚጠቅም ነገር አለ። በዚያ ሥዕል ፊት ተቀምጠው ሜሪዲዝን የመለሱት ዳኛ ሲድኒ ማይዝም ዕድሜ ልክ የተሾሙ የፌዴራል ዳኛ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በዘሩ ምክንያት አልከለከለውም ብለው ፈረዱ። በ1962 የአምስተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርዱን ገለበጠው። እነዚያም ዳኞች ዕድሜ ልክ የተሾሙ ናቸው። ሜሪዲዝ ሁለት ሰው ከሞተበት ረብሻ በኋላ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ተመዘገበ። ያው አንድ ዋስትና ሁለቱንም ዓይነት ዳኛ ይጠብቃል። ከዚያው ከሚሲሲፒ ሃሮልድ ኮክስን ይውሰዱ። በ1961 ኬኔዲ የሾሟቸው ናቸው። በ1964 ድምፅ ለመስጠት ሊመዘገቡ የተሰለፉ ጥቁሮችን ችሎት ላይ ሆነው ከቺምፓንዚ ጋር አመሳሰሉ። ማንም ከወንበራቸው አላነሳቸውም። ዕድሜ ልክ ሹመት ጥሩውን ከኃያላን ሲጠብቅ፣ መጥፎውንም ከእኛ ይጠብቃል። ስለ ነፃ ዳኝነት የሚሰብኩ ሰዎች ይቺን አይነግሩዎትም።

ሞትሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 10 ጊዜ ተከራክረው 9ኙን ረቱ። የተሸነፉባት አንዷ፣ ጥቁሮችን ከጁሪ ስለማስወገድ የነበረችው፣ ከ21 ዓመት በኋላ በ1986 በሌላ መዝገብ ተገለበጠች። በመካከል በ1964 የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሴናተር፣ በ1965 የማንሃተን አስተዳዳሪ ሆኑ። ይሄን ልብ ይበሉልኝ፤ ፖለቲካ ውስጥ ገብተዋል። በአሜሪካ ዳኛ ለመሆን ፖለቲካን መንካት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የሚታወቁት በዚያ ነው።

ጥር 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለኒውዮርክ ደቡባዊ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አጯቸው። የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀመንበር ማን ነበሩ? የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ። ሞትሊ በክርክር ያሸነፉት ክፍለ ሀገር ሰው። ኢስትላንድ፣ ሞትሊ የኮሚዩኒስት ታሪክ አላቸው የሚል ክስ ጭምር አምጥተው ጉዳዩን ሰባት ወር አስተኙት። በመጨረሻ ነሐሴ 30 ጸደቀ። በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆኑ። ዕድሜያቸው 44 ነበር። ስለዚህ «የስደተኛ ልጅ ይሾማሉ?» ላሉት፣ ከስልሳ ዓመት በፊት፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ የምግብ አብሳዩ ልጅ ተሹማለች።

ከተሾሙ በኋላ ያለው ጊዜ ልጅዎ ማየት ያለባት ነው። በ1970 ማርቲን ሶስትሬ የሚባል እስረኛ ከአንድ ዓመት በላይ ብቻውን ተቆልፎበት እንደነበር አይተው መብቱ ተጥሷል አሉ፤ ከ13,000 ዶላር በላይ ካሳ ወሰኑለት። በሚቀጥለው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ካሳውን ቀነሰ፣ ብቻውን መቆለፉም በራሱ ጭካኔ አይደለም አለ። የዲስትሪክት ዳኛ ንጉሥ አይደለም። ከላዩ ሰው አለ፤ ፍርዱ ሲሻር ቢያንገበግበውም ይቀበላል።

በ1975 ደግሞ ከኒውዮርክ ትልልቅ የጠበቃ ድርጅቶች አንዱ ሴቶችን ያዳላል ተብሎ ተከሰሰና መዝገቡ እሳቸው ጋ ደረሰ። ሞትሊ ራሳቸው ከኮሎምቢያ እንደወጡ እንዲህ ያለ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷቸው፣ መልካቸውን ሲያይ ወሬው በር ላይ ያለቀ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ሴትና ጥቁር ስለሆኑ ከመዝገቡ ይነሱልኝ አለ። እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ጾታና ዘር ዳኛን የሚያስነሣ ከሆነ፣ ሁሉም ዳኛ ጾታና ዘር ስላለው መዝገቡን የሚያይ ዳኛ አይገኝም። ዛሬም ድረስ ዳኛ ይነሳልኝ ሲባል ይህ ውሳኔ ይጠቀሳል። በ1978 አንዲት የስፖርት ጋዜጠኛ የያንኪ ስታዲየም የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል እንደ ወንዶቹ ባልደረቦቿ እንድትገባ የፈረዱትም እሳቸው ናቸው። ከ1982 እስከ 1986 የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ ሲኒየር ዳኛ ሆነው ሥራ ቀነሱ። በ2005 በ84 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ግን ዳኛ ነበሩ።

የሾመውን ፕሬዚዳንት ስለሚፈርድበት ዳኛ የጠየቁኝን በአንድ መዝገብ ልመልስልዎ። ሐምሌ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒክሰን የቢሮ ንግግራቸው የተቀዳበትን ቴፕ ያስረክቡ ብሎ 8 ለ 0 ፈረደ። ከስምንቱ ሦስቱን የሾሙት ኒክሰን ራሳቸው ነበሩ። ሁለት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ሥልጣን ለቀቁ። ይህን ስል ዳኞቹ ፖለቲካ የላቸውም ማለቴ አይደለም። አላቸው፤ ስለ ሕግ ያላቸው አመለካከትም ከሿሚያቸው ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ለዚያም ነው የታጩት። ውለታ መክፈልና ተመሳሳይ ማሰብ ግን ይለያያሉ። ከተሾመ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ወንበሩንም ደመወዙንም ሊነሣው አይችልም።

ለልጅዎ ያለኝ ምክር ይህ ነው፤ ሕጉን ትማር፣ ወንበሩን ግን ዕቅድ አታድርገው። የሴናተር መቀመጫ ማን እንደሚይዝ፣ ዳኛ መቼ ጡረታ እንደሚወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሚሆን ማንም አያቅድም። ምርጥ የሆኑ ሰዎች ሳይጠሩ ይቀራሉ። ማቀድ የምትችለው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ክለርክሺፕ ታመልክት፤ ማለትም ከፌዴራል ዳኛ ጋር አንድ ወይም ሁለት ዓመት ረዳት ሆኖ ፍርድ ማርቀቅ። ዳኝነት ከውስጥ የሚታየው እዚያ ነው፤ ብዙዎቹ ዳኞችም ያለፉበት በር ነው። ከዚያ ችሎት የሚያስቆም ሥራ ትያዝ፤ ዐቃቤ ሕግ ወይም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ። ለገንዘብ ከሆነ መንገዱ ይህ አይደለም። የዲስትሪክት ዳኛ ደመወዝ በ2025 በዓመት 247,400 ዶላር ነበር፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ደግሞ ገና ከትምህርት ቤት ለወጣ ጀማሪ 225,000 ይከፍላሉ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ዳኛ ሲሆን ገቢው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ግብሯን በጊዜው ትክፈል፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የምትጽፈውን ታስብበት፤ የኤፍቢአይ ማጣሪያ እዚያም ይደርሳል።

ፌዴራሉ ብቻ ዳኝነት እንዳይመስላት ደግሞ። የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤቶች ከፌዴራሉ እጅግ የሚበልጥ መዝገብ ያያሉ፤ በብዙ ቦታ ዳኛ በምርጫ ነው የሚቀመጠው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ልጅ፣ ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን፣ በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ የሊዮን ካውንቲ ዳኛ ሆነው ተመርጠዋል። ሰዎች «ፌዴራል ዳኛ ሆኑ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ስህተት ነው፣ የክፍለ ሀገር ዳኛ ናቸው። ይህ ግን ሹመቱን አያሳንሰውም።

ስለ ወንድምዎ። ዳኛው ሄዱ ማለት መዝገቡ ተዘጋ ማለት አይደለም። ለሌላ ዳኛ ይመራል፤ አዲስ ቀጠሮ ይላካል። የሚላከው በመዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው። ቤት ከቀየረ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ የአድራሻ ለውጥ ቅጽ መሙላት አለበት። «ፖስታው አልደረሰኝም» ብሎ ቀጠሮ የቀረ ሰው በሌለበት ይባረር ተብሎ ይፈረድበታል፤ ያንን ማስነሣት ደግሞ ከዋናው ጉዳይ የባሰ ራስ ምታት ነው። የቀጠሮውን ቀን በኤ ቁጥሩ (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩ ነው) ኢንተርኔት ላይ ወይም በስልክ መስመሩ በየሳምንቱ ይይ።

ጉዳዩ አንቀጽ ሦስት ዳኛ ፊት የሚደርሰው ቢሸነፍ ነው። መጀመሪያ ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ላለው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፤ ያም የፍትሕ ሚኒስቴር አካል ነው። እዚያም ከተሸነፈ፣ ጉዳዩ ሜሪላንድ ውስጥ የታየ ከሆነ፣ ሪችመንድ ያለው የአራተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ነው፤ የሚያመለክተው የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሠላሳ አንደኛው ቀን ላይ ጥሩ ምክንያት ቢኖረውም ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። እዚያ ያሉት ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ ጥገኝነቱን ራሳቸው አይሰጡም፤ ስህተት ካገኙ «እንደገና ይታይ» ብለው ይመልሱታል። የይግባኝ ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ከአሁኑ ይያዝ፤ ቀኑ ሲደርስ የሚገኘው ጠበቃ ወይ ሥራ የበዛበት ነው፣ ወይ ሥራ ያጣ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልድገም። ዳኛ በተቀየረ ቁጥር «አዲሱን ዳኛ አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ሰው በየካፌው ብቅ ይላል። የኢሚግሬሽን ዳኛም ይሁን የፌዴራል ዳኛ፣ ይህን ያለዎት ሰው ሌባ ነው። ወንድምዎ ገንዘብ ከሰጠው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ጉቦ ለመስጠት የሞከረ ሰው ተብሎ ጉዳዩንም ያጣል። ከፍሎ ከሆነ ዛሬውኑ ለጠበቃው ይንገረው።